ጣቴን ስለማያውቀው በር

ለተከበሩ ኦቦ ዲንሳ፣ የመሥሪያ ቤታችን የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ፤
አምቦ

እንደምን ሰንብተዋል? ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ እንደ ከተማችን ፍል ውኃ የማይነጥፍ ጤና እመኛለሁ። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን፣ በር ክፍት እስከሆነ ድረስ ደህና ነኝ።

በክፍልዎ በኔትወርክ ባለሙያነት የማገለግል ጣቢታ ፍሮምሳ ነኝ። በስሜ ባያውቁኝ፣ በየዓመቱ በሴቶች ቀን ከሰርቨሩ አጠገብ ቆማ ፎቶ የምትነሣው እኔ ነኝ። በአደባባይ መጻፌም በግል ያቀረብኩልዎ አቤቱታ ጠረጴዛዎ ላይ በሰላም ስላረፈ፣ ዕረፍቱን ላለመረበሽ ነው።

ለማያውቅ አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ የሰርቨር ክፍላችን በር ከውጭም ከውስጥም የሚከፈተው በጣት አሻራ ሲሆን፣ የተመዘገቡት ጣቶች በሙሉ የወንዶች ናቸው። እኔ ሥራ ሲኖረኝ ባልደረባዬ ባይሳ ከፍቶ ያስገባኛል፤ ቀዝቃዛው አየር እንዳይወጣም ዘግቶብኝ ይሄዳል። ስጨርስ በሩን ደብድቤ እጠራዋለሁ።

አንደኛ፣ የእኔም ጣት እንዲመዘገብ በጠየቅሁ ጊዜ፣ ሴት ነገ አግብታ ባሏን ተከትላ ሸነን ወይም ካቺሲ ከተማ ስለምትገባ አሻራዋን መመዝገብ ድካም መሆኑን ስላስረዱኝ፣ ስለ ትዳሬም ከእናቴ እኩል ስለተጨነቁልኝ አመሰግናለሁ። ከዓመታት በፊት ወደ ባኮ የተዛወረው የባልደረባችን የጃርሶ ጣት ግን እስከ ዛሬ እንደተመዘገበ አለ፤ ምናልባት ናፍቆት ቢመልሰው ብለው ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ባለፈው ሐሙስ የሴቶችን የቴክኖሎጂ ተሳትፎ ለማሳደግ በአዳራሹ ስላዘጋጁት ስብሰባ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። እኔ ለመታደም አልታደልኩም፤ የስብሰባው የቀጥታ ስርጭት እንዳይቋረጥ መስመሩን እንድጠብቅ ሰርቨር ክፍል ተዘግቶብኝ ነበርና። በመካከሉ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ለድምፅ ማጉያዎ ሲሰጥ የእኛ ማቀዝቀዣ ቆመ፤ ከመጠባበቂያ ባትሪዎቹም አንዱ አብጦ ይጨስ ጀመር። የራሱ ባትሪ ባለው መቆለፊያ ላይ ጣቴን ባስቀምጥ ቀይ አበራ። ሌላውን ጣቴን ሞከርኩ፤ አሁንም ቀይ። አንዱንም እንደማያውቀው እያወቅሁ አሥሩንም አዳረስኳቸው፤ የፈራ ሰው እንዲህ ነው። ለባይሳ ደወልኩ፤ ለንግግርዎ ካለው አክብሮት የተነሣ የስልኩን ድምፅ አጥፍቶ ኖሯል። በሩን በደበደብኩ ቁጥር አዳራሹ ያጨበጭባል። ጭሱ ጉሮሮዬን ሲይዘኝ ወለሉ ላይ ተኝቼ፣ አፌን በበሩ ሥር ካለው ክፍተት አስጠግቼ፣ እማዬ እያልኩ ጮህኩ። ያተረፉኝ የጽዳት ሠራተኛችን እማማ ወለተ ማርያም ናቸው፤ ኮሪደሩን ሊወለውሉ መጥተው ሰሙኝና ባይሳን ከአዳራሹ በኮቱ ጎትተው አመጡት።

ሦስተኛ፣ ስብሰባውን ስላስረበሽኩ የተሰጠኝን የቃል ማስጠንቀቂያ እጅ ነሥቼ ተቀብያለሁ። የሴት ልብ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ አይጸናም ማለትዎንም ሰምቻለሁ። እውነትዎን ነው፣ ልቤ አልጸናም። ወደ ባኮ ስሄድ ረዳቱ የሚኒባሱን በር ሲዘጋ እጄ መክፈቻውን ይፈልጋል፤ ቤቴም ውስጥ የሽንት ቤቱን በር መዝጋት ትቻለሁ። ፈሪ ለእናቱ ይባላልና ፍርሃቴ አያሳፍረኝም። ብቻ ባይሳ የሚጸናው በልቡ ነው ወይስ በጣቱ የሚለውን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ ግን ሰኞ ነው። ሰኞ ሥራ የምትጀምረው ዶርቃስ የምትባል አዲስ ምሩቅ፣ ከእኔ ጋር በተራ ሰርቨር ክፍል እንድትገባ ተመድባለች። የእሷም ጣት አይመዘገብም፤ ባይሳ ይከፍትልሻል ተብላለች። ደስ ብሏት ነገረችኝ። የሆነውን ስነግራት እሷም ፈራች። ስለዚህ ከሰኞ በፊት የሁለታችን ጣት ይመዝገብልን ብዬ እለምንዎታለሁ፤ ለአንድ ፎቶ የምንቆመውን ያህል እንኳ ጊዜ አይወስድም።

የሄዱበት በር ሁሉ በሰፊው እንዲከፈትልዎ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ገና ካልሻረ ጉሮሮ ጋር፣

ጣቢታ ፍሮምሳ

ማስታወሻ፦ ከፊርማዬ ሥር በቀለም የታተሙት አሻራዎች የእኔና የዶርቃስ ናቸው። ማሽኑ ውስጥ ቢያስገቡልን ደስታውን አንችለውም። ጊዜ ካጡም እባክዎ በጥንቃቄ ያስቀምጧቸው፤ አንድ ቀን በሩ ተሰብሮ ሲከፈት፣ ውስጥ የነበረችው የትኛዋ እንደሆነች ለመለየት ይረዳዎታል።