በሬን ገረፍ አርገሽ ጠብቂኝ

ይድረስ ለማይደውልልኝ አባቴ፣

አባዬ፣ እንዴት ነህ? ወገብህስ? ያቺ ከጀርባህ የምታደርጋት ትራስ አሁንም አለች ወይስ ጥጧ አልቆ ጨርቅ ብቻ ቀረች? መኪናዋስ ሳትነጫነጭ ትነሳለች? ጉሮሮህስ ደህና ነው? ስለ ጉሮሮህ የጠየቅኩህ እንዲሁ ለአፍ ያህል አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ታች ስትወርድ ታገኘዋለህ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። እህትህም ደህና ናት። ያው እንደምታውቃት ነች፣ እየተቆጣች ታጎርሰኛለች።

ደብዳቤ የጻፍኩት ቸግሮኝ ነው። ስደውል አታነሳም። ብታነሳም «እስቲ አክስትሽን አገናኚኝ» ብለህ ታልፈኛለህ። ደብዳቤ ግን ጆሮዬ ላይ አይዘጋም። ብትቀደው እንኳን መጀመሪያ ማንበብህ አይቀርም። መንገድ ዳር ያለ የቀለም ማስታወቂያ ሳታነብ የማታልፍ ሰው የልጅህን ጽሑፍ አታልፍም።

ስለ ትምህርት ቤት ልከራከርህ አይደለም። «ደብተርሽን እስክትይዢ ከኔ ጋር ወሬ የለንም» ብለሃል፣ ሰምቻለሁ። ግን ያን ቀን ምን እንደሆነ የሰማኸው ከዳይሬክተሩ ነው እንጂ ከኔ አይደለም። ዴስክ ገለበጠች አለህ። አዎ፣ ገልብጫለሁ። ክብሪት ብለህ ስም ያወጣህልኝ አንተ ራስህ አይደለህ? ታዲያ ክብሪት ምን ታድርግ፣ የጫራት ሰው አለ!

የሙዚቃ አስተማሪያችን ዝፈኚ አለችኝ። ያንተን ዘፈን ዘፈንኩ። ያቺን ዳገት ስትወጣ የምትዘፍናትን፣ «ብዘገይም መምጣቴ አይቀርም፣ በሬን ገረፍ አርገሽ ጠብቂኝ» የምትለዋን። ልጅ ሆኜ ጋቢና ውስጥ አጠገብህ ቁጭ ብዬ ስንቴ አብሬህ ጮኬያለሁ? ሰውየው ገበሬ ነው ብዬ ነበር የማስበው። መንገድ ሲወጣ ሚስቱን «በሬዬ ሰነፍ ነውና እስክመጣ ገረፍ ገረፍ አርጊው» የሚላት። በሬውም አንጀቴን ይበላኝ ነበር፣ ምን አጠፋ? እና ክፍል ውስጥ በሙሉ ልቤ፣ አይኔን ጨፍኜ ለቀቅኳት። አይኔን ስገልጥ ክፍሉ በሳቅ ይንፈራፈራል። አስተማሪዋ ራሷ እንባዋን እየጠረገች «የኔ ቆንጆ፣ በሩን ገርበብ አርገሽ ጠብቂኝ ነው እኮ የሚለው፣ በሬ ደግሞ ከየት መጣ?» አለችኝ። ከኋላ አንዱ «እምቧ!» አለ። የገለበጥኩት ዴስክ የሱ ነው።

ከዚያ ወዲያ ስሜ «በሬዋ» ሆነ። በቃ ቀረሁ። አንተ ስለ ዘፈኑ አንድም ቀን አንስተህብኝ አታውቅም። ግን ዳይሬክተሩ ሳይነግርህ አልቀረም መሰለኝ፤ የዚያን ቀን ስንመለስ ሬዲዮኑን አልከፈትክም። ከዚያ ጀምሮም ዳገቱን ዝም ብለህ ነው የምትወጣው። ሁለታችንም አፋችንን ዘግተን፣ ሞተሩ ብቻ ሲያወራ።

አክስቴ ጋ ከመጣሁ ወዲህ ላውንደሪ ቤት እንደምሠራ ነግራሃለች። ሥራዬ መተኮስ ነው። አብራኝ የምትተኩሰው ትልቅ ሴትዮ ናት፣ እትዬ ነው የምላት። አንደበቷ ከካውያዋ ይብሳል፣ ያቃጥላል። ጀርባችን ላይ ማድረቂያ ማሽኑ አለ። ሲነሳ አውሮፕላን ነው የሚመስለው። እና እኔ ምን አገኘሁ መሰለህ? እሱ ሲጮህ እዘፍናለሁ፣ እሱ ሲቆም አቆማለሁ። ራሴንም በደንብ አልሰማ፣ ማንም አይሰማኝ። እንዲህ ስዘፍን ከረምኩ።

አንድ ቀን ጠዋት ጉሮሮዬን ከፍቼ ለቅቄዋለሁ፣ መብራት ጥፍት! ማሽኑ ጸጥ። እኔ ግን ለማቆም ዘገየሁ። ቤቱ ውስጥ የቀረው ድምፅ የኔ ብቻ ነበር። ሱፉን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ ደረሰኙን እንደዘረጋ ቀረ። ጋሼ፣ ባለቤቱ፣ ከውስጥ ብቅ ብሎ «ይሄ ሬዲዮ በባትሪ ነው እንዴ የሚሠራው?» አለ። ካውያዬን ጨበጥኩ። የሳቀ ሰው ካለ ልተኩሰው ተዘጋጅቻለሁ። ማንም አልሳቀም። እትዬ ብቻ ቀና ብላ አይታኝ «ታዲያ ምን አስደበቀሽ? ሰርቀሽው ነው?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ማን ይልቀቀኝ! ማሽን ሳይነሳ ዝፈኚ አለች። ሰው ፊት አልዘፍንም አልኳት። «እሺ፣ ለሸሚዞቹ ዝፈኚላቸው፤ ሸሚዝ አይስቅም» ብላ የተተኮሱትን በሙሉ በረድፍ ሰቅላ ፊታቸውን ወደኔ አዞረቻቸው። አንገት አንገታቸውን እያየሽ ዝፈኚ አለች። አባዬ፣ ብታየኝ አብዳለች ትል ነበር። ግን ዘፈንኩላቸው። መጀመሪያ ለራሴ እንደማወራ ዓይነት፣ ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርጌ። እየቆየ ከሸሚዞቹ መሀል እትዬ ራሷ መቆም ጀመረች፣ ቀጥሎ ጋሼ። አንድ ቀን አይኔን ስገልጥ አንገትጌዎቹ ጭንቅላት አብቅለዋል፣ ለካ ደንበኞች ናቸው። ጨረስኩ። አልሞትኩም።

አንዱ ደንበኛ «ከፍ ስትይ ትንቀጠቀጫለሽ» ብሎኝ ሱሪውን ሁለት መስመር አውጥቼ ልተኩስለት ነበር። እትዬ እጄን ያዘችኝ። «እውነቱን እኮ ነው። ትንፋሽሽን መጀመሪያ ላይ ትጨርሺዋለሽ፣ ልክ እንደ ቁጣሽ» አለች። ተናድጄ ዋልኩ። በማግስቱ ግን ትንፋሼን ቆጥቤ ሞከርኩት፣ አልተንቀጠቀጥኩም። ለሷ እንዳትነግራት እንጂ ልክ ነበረች።

እዚህ ሰፈር የወጣቶች አዳራሽ አለ። አንዳንድ እሁድ ከሰዓት ለጀማሪ ዘፋኞች ማይክ ይሰጣሉ። እትዬ ሳትጠይቀኝ አስመዘገበችኝ። ተጣላን፣ ታረቅን። የቱን ትዘፍኛለሽ ስትለኝ ያንተን አልኳት። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው። ቃሉን ግን አስተካክዬ። «በሩን ገርበብ፣ በሩን ገርበብ» እያልኩ ስንት ሸሚዝ ተኮስኩ! እንደገና በበሬ ከሳቁብኝ ሁለተኛ አፌን እንደማልከፍት ለራሴ ምዬ ነበር።

ባለፈው እሁድ ወጣሁ። ፊት ለፊቴ አክስቴ፣ እትዬ እና ጋሼ ተደርድረዋል። ሰዉን ሁሉ ሸሚዝ አደረግኩት። መጀመሪያው ጥሩ ሄደ። ማይኩ ድምፄን ሲመልስልኝ ራሴ ደነገጥኩ፤ አባዬ፣ ደስ ይላል እኮ! ደስ ሲለኝ ደግሞ ረሳሁት። አፌ በገዛ ፈቃዱ ጋቢና ገባና «በሬን ገረፍ አርገሽ ጠብቂኝ!» አለ፣ ያውም ከፍ አድርጎ።

አዳራሹ ሳቀ። ሳቁን አወቅኩት፣ የክፍሉ ሳቅ ነው። ጆሮዬ ጋለ። ማይኩን የያዘው እጄ ተነሳ፣ ወዴት ልወረውረው እንደነበር እኔም አላውቅ። ይሄኔ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ወፍራም የወንድ ድምፅ ከዜማው ወጥቶ፣ ዳገት እንደያዘ ሰው እየጮኸ «በሬን ገረፍ አርገሽ ጠብቂኝ!» አለ። ደገመው። ሳቁ ግራ ገብቶት ቆመ። ፊቴ መብራት ስለነበረ ሰውየውን ማየት አልቻልኩም። እጄ ግን ወረደ። ትንፋሼን ሰበሰብኩና ቀጠልኩ። ሁለተኛው አዝማች ላይ በሬውን ሆን ብዬ አመጣሁት፤ አዳራሹ ሁሉ እያጨበጨበ አብሮኝ ገረፈው። ያ ምስኪን በሬ እንደዚያ ቀን ተገርፎ አያውቅም።

አባዬ፣ ይሄን ዘፈን በበሬ የሚዘፍኑት በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ እኔ ነኝ፣ መድረክ ላይ ነበርኩ።

ስወርድ በሩ ጋ ማንም የለም። አክስቴን ማነው እሱ ስላት ጣራ ጣራ እያየች «እኔ ምን አውቄ፣ ዘበኛው ይሆናላ» አለችኝ። ዘበኛውን አናገርኩት፣ ድምፁ እንደ ክር የቀጠነ ነው። ከዚያ በላይ አልመረመርኩም። አንተንም አልጠይቅህም። ከደብዳቤው ጋር የጉሮሮ ከረሜላ ልኬልሃለሁ፣ እንደ ልማድህ ቆርጥመህ እንዳትጨርሰው፣ ይመጠጣል።

የደብተሩን ነገር እያሰብኩበት ነው። እያሰብኩበት ነው አልኩ እንጂ እሺ አላልኩም፣ እንዳትቸኩል። የወሩ መጨረሻ እሁድ ደግሞ እዘፍናለሁ። ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አይጠፋም፤ በር ላይ የቆመ ሰው ወገቡን ያመዋል።

በል እንግዲህ መንገዱን ያቅናልህ። ፍሬንህ ይታዘዝህ፣ ጎማህ አይተንፍስ፣ ዳገቱንም እየዘፈንክ ያውጣህ። እንቅልፍ ሲመጣብህ ዳር ይዘህ ተኛ እንጂ አትታገለው፣ እሺ?

እኔ እንደሆንኩ በሬ የለኝም። በሩን ግን ገርበብ አድርጌዋለሁ።

ልጅህ፣
ክብሪቷ