ማንም አልሞተም ስለተባለበት ለቅሶ

ጎንደር፣ ነሐሴ ፲፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ለክቡር የጥጥ መፍተያው ፋብሪካ ሹም፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ የክረምቱ ብርድ እንዳይጎዳዎት፣ እንቅልፍዎም እንዳይጓደል ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሦስተኛው መኪና ላይ የምፈትለው የአለቃ ሐብተ ማርያም ልጅ ነኝ። አባቴ በሕይወት ሳሉ ፊደል ስላስቆጠሩኝ ጓደኞቼ ምስጋናቸውን በእኔ እጅ ልከዋል።

፩ኛ፤ ባለፈው ማክሰኞ የታናሽ እህቴ የአበቡ ሹሩባ በመኪናው ጠፍር ተጠምጥሞ ወደ ውስጥ ሲጎትታት፣ እኛ አስቁሙልን እያልን ስንጮህ፣ ሥራው እንዳይስተጓጎል ብለው ዝም ማለትዎን አይተናል። ለሥራ ያለዎት ፍቅር አስደንቆናል።

፪ኛ፤ በማግስቱ ለደኅንነታችን ተጨንቀው አርባ ስድስታችንንም በወታደር ምላጭ ስላስላጩን እናመሰግናለን። በአገርዎ በኢጣሊያ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ በእኛ አገር ግን ሴት ራሷን የምትላጨው የቅርብ ሰው ሲሞትባት ነው። ስለዚህ ከሥራ ወጥተን በቁስቋም በኩል ስናልፍ ያየን ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተከተለን። ጎረቤታችን እማማ ሸዋአየሁ ሰባት ቤት ለቅሶ ደርሰው፣ ማን እንደሞተ የሚነግራቸው አጡ። የጓደኛችን የዘመናይ እናትማ ከቤት የራቀው ልጃቸው የሞተ መስሏቸው ደረታቸውን እየደቁ ወደቁ፤ አልሞተም ብለን ማሳመን አቅቶን ነበር።

፫ኛ፤ ከተማው ማን ሞተ ብሎ ቢጠይቅ፣ በአስተርጓሚዎ በአቶ ዳኛው በኩል ማንም እንዳልሞተ፣ አበቡም ታማ ለሕክምና አስመራ እንደተላከች አስነግረዋል። ጌታዬ፣ ከመኪናው ሥር ያወጣኋት እኔ ነኝ። እጄ ላይ ነው የቀዘቀዘችው። ከዚያ በኋላ ወታደሮችዎ ከእጄ ወስደው በጆንያ ሸፈኗት። ከሞት የሚያድን ሐኪም አስመራ ካለ እጁን ልስም።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሬሳዋን ይስጡን። ፍትሐት ተደርጎላት ከአባቷ ጎን ትቀበር። ውሻ የሞተበት እንኳ ሬሳው የት እንዳለ ያውቃል።

ለቸርነትዎ ወሰን ያጣሁ፣ በትእዛዝዎ የተላጨሁ ታዛዥ ሠራተኛዎ፣
ወለተ ሚካኤል ሐብተ ማርያም

ጭማሪ፤ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ዘበኛዎ ቤታችን መጥቶ፣ የአበቡ ቦታ ባዶ ስለሆነ የመጨረሻዋን እህቴን ጥሩን ሰኞ ይዤ እንድመጣ አዘዘኝ። ጥሩ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አበቡ ድና የምትመለስ ከሆነ ቦታዋን ለምን ለሌላ እንደሰጡባት እናቴ ራሷ ልትጠይቅዎት አስባለች። ሰኞ በርዎ ላይ የሚያገኙት ጥሩን ሳይሆን እርሷን ነው፤ ልጇን አበቡን ሳትይዝ አትመለስም።