ሳይፈርስ ስለ ቀረው የወረታ ጤና ጣቢያ

ወረታ፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ለክቡር የሕንፃ ንድፍ ትምህርት ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

የፎገራ ሜዳ ውኃው ሸሽቶለት ከብቱ ወደ ሣሩ በተመለሰበት በዚህ ወር፣ ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ ከነመምህራንዎና ከነዚያ ረጃጅም የንድፍ ጠረጴዛዎችዎ ጋር በፍጹም ጤንነት ይገኙ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ አመልካቹ መንግሥቴ በላቸው በወረታ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ስሆን፣ በ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. ከክፍልዎ ገብቼ አንድ ዓመት ሙሉ የተማርሁ፣ ወይም መምህራንዎ ይመርጡት እንደነበረው አነጋገር፣ አንድ ዓመት ሙሉ የተቀመጥሁ ሰው ነኝ።

አቤቱታዬ ስለ አንድ የቀድሞ ተማሪዎ ነው። ስሙ ጥሩሰው አዛናው ይባላል። ክቡርነትዎ አምስት ዓመት አስተምረው፣ በዲግሪ አስመርቀው፣ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ብለው ለአገሩ ሸኝተውታል። ስለዚህ ድንቅ ውለታዎ ምስጋናዬን አስቀድሜ፣ በእርሱ ምክንያት የደረሰብኝን በደል በቁጥር ከፋፍዬ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ/ ክቡርነትዎ ሁለታችንን በአንድ ቀን መቀበልዎ።

ጥሩሰው የቀጥቃጩ የአቶ አዛናው ልጅ ነው። የአካባቢያችን ማረሻ ሁሉ የሚሳለው በአባቱ እጅ ሲሆን፣ አባቴ ግራዝማች በላቸውም እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ ማረሻውን የሚቀበለው ከአጥሩ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ሰውየውን ግባና ተቀመጥ ያለው አልነበረም። ደብረ ታቦር ትምህርት ቤት ግን መምህሩ እኔንና ጥሩሰውን በአንድ ወንበር አስቀመጡን። በሥዕል አንደኛ የምወጣው እኔ ነበርሁ፤ እርሱ ሁለተኛ ነበር። ይህን ከእኔ በቀር የሚያስታውስ ሰው ስለሌለ በዚህ ደብዳቤ እንዲመዘገብልኝ እለምናለሁ።

የመግቢያውን ፈተና ሁለታችንም አለፍን። ለእኔ ወይፈን ታርዶ ከተማው ሲበላና ሲጠጣ ዋለ፤ አባቴም የጀርመን ኮምፓስ አስመጣልኝ። ለጥሩሰው አባቱ ከብረት ቀጥቅጦ ኮምፓስ ሠራለት። የጀርመኑ በሁለተኛው ወር ተሰበረ። የአቶ አዛናው እስከ ዛሬ ክብ እያወጣ ነው።

፪ኛ/ ያደግንበትን ቤት እንድንነድፍ መታዘዛችን።

በመጀመሪያው መንፈቅ የንድፍ መምህራችን፣ «ያደጋችሁበትን ቤት ልኩን አስታውሳችሁ ሥሩልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» አሉን። እኔም የአባቴን ክብር በሚገባ ገልጬ ባለ ፎቅ አድርጌ፣ ከፊቱ ስድስት ዓምድ አቁሜ አቀረብሁ። በአባቴ ቤት ከመሬት ከፍ ብሎ የሚያድር ዶሮ ብቻ መሆኑን መምህሩ በምን እንዳወቁ አላውቅም፤ ብቻ ንድፉን አዩና፣ «እዚህ ቤት ውስጥ የሚኖረው ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ጥሩሰው ደግሞ የአባቱን የሣር ክዳን ጎጆ፣ ወናፉና እሳቱ ካሉበት ሥፍራ ጋር ነደፈው። እሳቱ ክዳኑን እንዳይነካ በመካከላቸው ስንት ክንድ እንደተተወ፣ በሩ ለምን ወደ ነፋሱ እንደዞረ፣ እናቱ እንጨት ይዛ ስትገባ እንዳታጎነብስ ጉበኑ ምን ያህል ከፍ እንዳለ፣ ሁሉንም። መምህሩም ለክፍሉ ሁሉ እንዲታይ ግድግዳ ላይ ይሰቀል አሉ። ክቡር ሆይ፣ እኔን የቁም ጽሕፈትህ ያምራልና ከላዩ «የአቶ አዛናው ቤት» ብለህ ጻፍበት አሉኝ።

የቀለም ጠርሙሱ ከንድፉ ላይ ወደቀ ብዬ ነበር በዚያን ዕለት የተናገርሁ። አሁን በአደባባይ የምጽፍ እንደመሆኔ ቃሌን አስተካክላለሁ፤ ጣልሁት። መምህሩ ፊታቸው ጠቁሮ ወደ እኔ ሲዞሩ ጥሩሰው ቀድሞኝ፣ «ጠርሙሱን ጠርዝ ላይ ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ፣ የኔታ» አለ። በሦስት ቀን እንደገና ሠራው፤ ከፊተኛውም በለጠ። ክቡርነትዎ ያን ጊዜ ጥፋቴን መርምረው ቢያባርሩኝ ኖሮ፣ ተበደልሁ እያልሁ ቀና ብዬ ወደ አገሬ እገባ ነበር። ጥሩሰው ግን ይህንንም ነፈገኝና፣ በዓመቱ መጨረሻ የተመለስሁት ሒሳብ በመውደቄ ምክንያት ብቻ ሆነ።

፫ኛ/ የአንድ ዓመት ትምህርት ብቻ ይዤ መቅረቴ።

ለከተማው ሰው አባቴ ስለታመመ ነው የመጣሁ አልሁ። በማግሥቱ ገበያ ነበረና፣ በጽኑ የታመመው አባቴ ሁለት ሙክት እየጎተተ ሲያልፍ ከተማው ሁሉ አየው። ከዚያ ወዲህ የሰውን ደብዳቤ በጥሩ ጽሕፈት እየገለበጥሁ እኖራለሁ። ሰዎች መሐንዲስ ይሉኛል፤ መጀመሪያ ከልባቸው ነበር።

ከገላነሽ ጋር ጎጆ በወጣሁ ጊዜ፣ አንድ ዓመት እንኳ ቢሆን ምን እንደሚያፈራ ከተማው እንዲያይ በራሴ ንድፍ ቤት ሠራሁ። በአራቱም ፊት ሰፋፊ መስኮት፣ ከፊት ለፊት በረንዳ፣ ወለሉ ከደጁ አፈር ጋር እኩል። ገላነሽ ገና ስትገባ፣ «መስኮቱስ ያምራል፤ ግድግዳው የት አለ?» አለችኝ። አልተማረችምና ይቅር አልኋት።

፬ኛ/ ጥሩሰው መምጣቱ።

በ፲፱፻፶፱ ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ወረታ ጤና ጣቢያ እንዲሠራ ተልኮ መጣ። የተሰጠው ቦታ ወደ ርብ ወንዝ ዝቅ ያለው ሜዳ ነበር። እኔ ቦታውን ሳይ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ቀኑን ሙሉ ሳፏጭ ዋልሁ። ያ አፈር መረሬ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ምን ቢማር ምን፣ ይህ መሬት ያዋርድልኛል አልሁ።

እርሱ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ እርሳስ አላነሣም። ሽማግሌዎቹን በየደጃቸው እየዞረ ጠየቀ። ከአባቴም ቤት መጥቶ፣ አባቱ ይቆምበት ከነበረው የአጥር በር ላይ ቆሞ፣ «ግራዝማች፣ በእርስዎ ዕድሜ ውኃው ገፍቶ የመጣው እስከ የት ድረስ ነው?» አለ። አባቴ ከተቀመጠበት ተነሥቶ፣ ይዞት ወርዶ፣ በበትሩ የሾላውን ግንድ ነክቶ አሳየው። እኔን በሕይወቴ አንድ ነገር ለማሳየት ከወንበሩ ተነሥቶ አያውቅም።

ከዚያ መረሬውን ከሰው ቁመት በላይ አስቆፍሮ አወጣው፤ ጽኑ መሬት ሲያገኝ በድንጋይ ሞላው፤ ወለሉንም አባቴ ካሳየው ምልክት በላይ አነሣው። የጣሪያውን እንጨት ከግድግዳው ጋር የሚያያይዘውን ብረት አቶ አዛናው ቀጠቀጠው። እኔም በበኩሌ ሥራዬን አላቆምሁም፤ ውኃው ከሥሩ ገብቶ እንደ ታንኳ ያነሣዋል እያልሁ ለሰማኝ ሁሉ አስረዳሁ።

ግንቦት ላይ ተመረቀ። አባቴ በሕዝብ ፊት የጥሩሰውን እጅ ይዞ፣ «ና ልጄ፣ እዚህ አጠገቤ ተቀመጥ» አለው። አቶ አዛናውም ወንበር ተሰጠው። እኔ የምረቃውን ወረቀት ያነበብሁት ቆሜ ነው። ልጄ የምትለዋን ቃል እስከዚያ ቀን ድረስ የእኔ ብቻ ትመስለኝ ነበር።

የዚያን ዓመት ክረምት ጠበቅሁ፤ ምንም አልሆነም። ካቻምና መሆኑ ነው። ባለፈው ነሐሴ ግን ርብ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ወጣና ሜዳውን ሁሉ ሐይቅ አደረገው። ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሄደው የእኔ ቤት ነው። ውኃው በወለሉ ገባ፤ በስተምሥራቅ ያለው ግድግዳ ከነመስኮቱ እንደ ደከመው በሬ ቀስ ብሎ ተኛ። ገላነሽ ልጃችንን አዝላ፣ አባቴን በበቅሎ አስቀምጠን፣ እኔ የጀርመኑን የኮምፓስ ሣጥን ይዤ ወደ ጤና ጣቢያው ሸሸን። ስልሳ ያህል ሰው ነበርን። ውኃው ከሁለተኛው ደረጃ አላለፈም። ዐሥራ አንድ ቀን በደረቅ ወለል ላይ ኖርን።

ሌላው ሰው እግዚአብሔርን ሲያመሰግን፣ እኔ ስንጥቅ ፈለግሁ። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በጥፍሬ እየዳበስሁ፣ በገመድ እየለካሁ። ገላነሽ በሰው መካከል፣ «አንተ ሰው፣ ግድግዳውን ተወውና ልጅቱን ያዝልኝ!» ብላ ጮኸችብኝ። ልጅቱን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው ፈለግሁ።

በስድስተኛው ቀን ጥሩሰው ከደብረ ታቦር ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ጭቃ ለብሶ ደረሰ። ግድግዳ ላይ ተለጥፌ አገኘኝ።

«ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ።

«ስንጥቅ።»

«እኔም እሱኑ ልፈልግ ነው የመጣሁ። ያገኘኸው ካለ አሳየኝ።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሁለታችን ጎን ለጎን ስንዳብስ ዋልን። ሲመሽ እኔ አገኘሁ! ከመድኃኒት ክፍሉ በር ጀርባ፣ ከመስኮቱ ማዕዘን ወደ ታች የወረደች፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች፣ አንድ ስንዝር የምታህል። ልጄ የተወለደች ዕለት እንኳ እንዲህ መደሰቴን እጠራጠራለሁ። ጥሩሰው ተንበርክኮ በጣቱ ነካት፤ ከደብተሩም ጻፋት።

«እዚህ ጋ ሁለት ጊዜ አልፌአለሁ፤ አላየኋትም። እግዜር ይስጥልኝ» አለ። እንደዚህ ብሎ ድሌን ቀማኝ። ከወለሉ ላይ ተቀምጦም መስኮቱን በጣም ወደ ማዕዘኑ በማስጠጋቱ የመጣች ጥፋት መሆኗን በሥዕል አስረዳኝ፤ ክቡርነትዎ በዓመት ያላስገቡልኝን ነገር በዚያች ጥቂት ጊዜ አስገባልኝ።

ቀጥሎም፣ «አንበሳሜና ይፋግ ላይ ሁለት ጤና ጣቢያ ልሠራ ነው። ሥራውን የሚቆጣጠርልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ጉድለቴን እንዲህ አድርጎ የሚፈልግ አላገኘሁም» አለኝ።

«ስለምቀናብህ እኮ ነው» አልሁት። ከአፌ ወጣ። ስምንት ዓመት የያዝሁት ነገር ነበር።

«የቀለሙ ዕለት ነው ያወቅሁ» አለ፤ አልሳቀም። «ያም ሆኖ እንዳንተ የሚያይ ዓይን የለኝም። ትመጣ እንደሆነ ና።»

ሦስት ቀን አልመለስሁለትም። ቢያንስ ያኔ ቢቆጣኝ ኖሮ ይሻል ነበር፣ እያልሁ ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ስሟገት፣ አባቴ ከተኛበት ቀና ብሎ፣ «አንተ ልጅ፣ ሰው ሲጠራህ አቤት በል እንጂ» አለኝ። ውኃው ሲጎድል ሄድሁና እሺ አልሁት።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የምለምነው ይህን ነው። ሥራውን የምጀምረው ኅዳር አንድ ቀን በአንበሳሜ ሲሆን፣ ቀጣሪው መሥሪያ ቤት የሕንፃ ትምህርት መቅመሴን የሚያረጋግጥ ወረቀት ከክፍልዎ እንዳመጣ አዞኛል። ስለዚህ አንዱን ዓመት መማሬን ብቻ መስክረው፣ የተቻለ እንደሆነ ውጤቴን ሳይጠቅሱ፣ የግድ ከሆነም ሒሳቡን በደቂቅ ፊደል አስጽፈው እንዲልኩልኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ከሥራው ይልቅ የከበደኝ ሌላ ነው። በሠራተኛ ፊት አለቃዬን አንተ ማለት እንደማይገባኝ አውቃለሁ። «እርስዎ፣ አቶ ጥሩሰው» ማለትን በበቅሎዋ ፊት ቆሜ እየተለማመድሁ ነው፤ በቅሎዋ ታግሣኛለች፣ ገላነሽ ግን ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ምላሴ እስከ ኅዳር አንድ ይታዘዝልኝ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን እሄዳለሁ፤ ከአሁን በኋላ የሚሠራው ግድግዳ ሁሉ ጥሩሰው ሳያየው በፊት እኔ አይቼው፣ ቢቻል አንድ ነገር ላገኝበት።

ለዚህ ሁሉ ላበቁኝ ለክቡርነትዎ፣ እንዲህ ያለ ሰው ከእኔ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ስላስቀመጡልኝ የማልረሳውን ምስጋና እያቀረብሁ፣ በግንባሬ መሬቱን ነክቼ እሰናበታለሁ፤ መሬቱም በአሁኑ ሰዓት ጭቃ መሆኑን ከግምት ያስገቡልኝ።

የክቡርነትዎ የአንድ ዓመት ተማሪ፣
መንግሥቴ በላቸው

ማስታወሻ፦ ይህንኑ ወረቀት ለመለመን በመስከረም ሁለት ደብዳቤ ልኬ፣ ክቡርነትዎ መልሱን አሳምረው ለመጻፍ ጊዜ እየወሰዱ መሆኑን ስለተረዳሁ፣ ሦስተኛውን በጋዜጣ አውጥቼዋለሁ። ጥሩሰው ይህን ሰምቶ፣ «ተወው፣ እኔ ልጻፍላቸው» ብሎኛል። እርሱ ከጻፈ በመጀመሪያው ፖስታ እንደሚመልሱለት አልጠራጠርም። ክቡር ሆይ፣ እባክዎ ይህን በዓይኔ አያሳዩኝ።