በጣሳ የተናገርኩት

ማክሰኞ

ይሠራል! ሁለት የጣሊያን ጣሳ፣ አንድ ምስማር፣ በሰም የታሸ ክር፤ ሌላ ምንም የለውም። ትምህርት ቤታችን የወታደር ሰፈር ከሆነ ወዲህ መምህራችን የሚያስተምሩን ከሾላው ሥር ነው፤ መሣሪያችንም ወታደሮቹ በልተው የሚጥሉት ጣሳ። «ክሩ ይወጠር፤ ከላላ ድምፅ አይሄድም» አሉ። አንዱን ጫፍ እኔ፣ አንዱን አብሮኝ የሚማረው ዲያቆን ጥሩነህ ያዝን። በሹክሹክታ «ራስህ ከበሮ ያህላል» አልኩት። ከዚያ ማዶ ሰምቶኝ ጣሳውን ወረወረብኝ።

ረቡዕ

ጣሳዎቹን ይዤ ቀረሁ። አንዱን ከውስጥ በኩል የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሽንቁር ውስጥ ወሸቅሁት፤ ክሩን ወጥሬ ከጥዱ ጀርባ ተደበቅሁ። ጥሩነህ ሊሳለም ሲመጣ «ጾም ገድፈሃል!» ልለው ነበር።

ጥሩነህ ቀረ። ጎረቤታችን እትየ ውዴ መጣች። ግንባሯን ከድንጋዩ አስደግፋ ስታለቅስ በጣሳው ሰማኋት፤ «ባሌን ከዱር መልስልኝ» ትላለች። ባሏ አርበኛ ነው፤ ከክረምት ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ዝም ማለት ነበረብኝ። ይቺ ምላሴ መች ዝም ታውቃለች! ድምፄን አወፍሬ «አይዞሽ፤ ቅዳሜ ይመጣል» አልኳት።

እልል እያለች ሮጠች። እኔም ጣሳውን ከሽንቁሩ ነቅዬ ክሩን ጠቀለልኩ።

ሐሙስ

እትየ ውዴ ጌሾ ስትወቅጥ ዋለች። ለሦስት ሴቶች ነግራለች። የአንዷ ወንድም ባንዳ ነው። ቅዳሜ ባንዶቹ ቢያደፍጡስ? ባሏ እውነት ቢመጣስ?

ለመምህሩ ተናዘዝኩ። ይገርፉኛል ስል ጣሳዎቹን ብቻ ተቀበሉኝ። «እኔ ያስተማርኩህ ድምፅ በክር እንደሚሄድ ነው። ሂድና ንገራት» አሉ።

ዓርብ

ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ የተለመደው ቀልዴ መሰላት። «እትየ፣ እኔ ነኝ። በጣሳ ነው» ስላት ዘነዘናውን አስቀመጠች። ምነው በመታችኝ!

«ያለቀስኩትንም ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«በል፤ ለነዚያ ሴቶችም አንተው ቤት ለቤት ዙረህ ንገር። ዛሬውኑ።»

ዞርኩ። የባንዳው እህት «አይ ውዴ፣ በጣሳ ተሞኘች!» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ትሳቅ። ለወንድሟም ትንገርልኝ።

ቅዳሜ

ማንም አላደፈጠም። ባሏም አልመጣም። ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላውቅም።

ጠዋት እትየ ውዴ ልትሳለም ስትመጣ ከሩቅ አየኋት። መጀመሪያ እጇን ሽንቁሩ ውስጥ ከትታ ዳበሰች። ባዶ ነው። ከዚያ ግንባሯን አስደገፈች። ድምፅ ግን አላወጣችም፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።