ከትሪየስቴ ወዲህ ያየኋቸው ከተሞች

ውድ ሬልያ፣

«ውድ» የሚለውን ቃል ልሰርዘው ብዕሬን አንስቼ ነበር። ተውኩት። እንዳልነበረ አድርጌ ብሰርዘው ውሸታሙ አንተ ብቻ አትሆንም።

ትናንት በቤታችሁ ዝክር ላይ ዝም ያልኩት ፈርቼ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። የምጽፍልህም ለዚህ ነው። መጀመሪያ ግን አንተ ያላየኸውን መንገድ ልንገርህ፤ ግማሹ ያንተም ሕልም ነበርና።

ሉብሊያና ድልድይ ላይ ስንላፋ ስልኬ ወንዝ ውስጥ የገባ ጊዜ «ሙዚየሙ ቢደውልስ? የኔን ቁጥር ላኪላቸው» ያልከው አንተ ነህ። በከተማችን ሙዚየም ለአንድ የሥራ ቦታ ሁለታችንም አመልክተን ነበር። ማንኛችንም ብናገኘው ሌላው እንደሚያጨበጭብ ባቡር ውስጥ ተማምለናል፤ አንድ ጣሳ የተፈጨ ጉበት በአንድ ማንኪያ እየተቀባበልን። ትሪየስቴ ላይ ዳቦ ልገዛ ሄድኩ። ስመለስ ባሕሩ ዳር ቆመህ ስልክህን ኪስህ ትከት ነበር፤ ፊትህ ደም አልነበረውም።

«እናቴ ታመመች» አልከኝ። አብሬህ ልመለስ ስል እጄን ያዝከኝ። «አይሆንም ኮሳራ። አንቺ ቀጥዪ። ሕልምሽን አታቋርጪ።»

ድንኳኑ ካንተ ሻንጣ፣ ዘንጎቹ ከኔ ሻንጣ እንደሆኑ ትዝ ያለኝ አውቶቡስህ ከዓይኔ ከጠፋ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ከተሞች በእንቅልፍና በንቃት መካከል የታዩ ይመስሉኛል። ፓዶቫ ውስጥ መነኮሳት ዘንድ ሰሃን እያጠብኩ ሰነበትኩ። ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ አግዳሚው ላይ አሸልብ ነበር። ጣሪያው በሰማያዊ ቀለም የተቀባ ሰማይ ነው፤ ስነቃ ከተሣለው ሰማይ ሥር ልሁን ከእውነተኛው ለመለየት ጊዜ ይወስድብኛል። ቦሎኛ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። እኔ ግን በመንገዶቹ ዳር ባሉት ባለ ጣሪያ ቅስቶች ሥር ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ሄድኩት፣ አንዲት ጠብታም አልነካችኝ። ዝናቡ በቀኜ እንደ መጋረጃ ይወርዳል፣ ከመጋረጃው ማዶ ሰዎች ያለ ድምፅ ያልፋሉ። ደረቅ ዳቦዬን እየቆረጠምኩ ያየሁትን ሁሉ ላንተ እነግርህ ነበር። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ያዩ ሴቶች የምጸልይ መስሏቸው ይሆናል።

በዚያው ቀን ማደሪያዬ ካለች ልጅ ስልክ ተውሼ ለጓደኛችን ለያስና ደወልኩ።

«ከየት ተገኘሽ አንቺ ጠፊ! ሬልያን እንኳን ደስ ያለህ አልሽው?»

«በምን?»

«በሙዚየሙ ነዋ! አንቺ እምቢ ስትዪ እሱን ወሰዱት። ምን ነካሽ ግን? ያንን ሥራ ስታሳድጂ የከረምሽ አንቺ አይደለሽ?»

«ማን ነው እምቢ ያለው?»

ቀስ ብላ፣ «የመረጡት አንቺን ነበር። ሲደውሉ እሱ አነሳና ‹ወደ አገር አልመለስም ብላለች፣ ሥራውን አትፈልገውም፣ እኔ ግን ዝግጁ ነኝ› አላቸው። ዳይሬክተሯ ራሷ ናት ለእናቴ የነገረቻት» አለችኝ።

ለምን ወዲያው አልደወልኩልህም? በስልክ የተወሰደ በስልክ አይመለስም። ደግሞም የጊዮርጊስ ቀን እየቀረበ ነበር። በስላቫ፣ የቤተሰባችሁ ቅዱስ በሚዘከርበት ቀን፣ ቤታችሁ ማንንም አይጠራም፣ የመጣውንም አይመልስም። አባትህ ከሞቱ ወዲህ አባወራው አንተ ነህ፤ አባወራ ደግሞ በዚያ ቀን አይቀመጥም፣ ቆሞ ያስተናግዳል። «እኔ እቀመጣለሁ፣ እሱ ይቆማል» አልኩ። ይህን ይዤ አንኮና ላይ መርከብ ተሳፈርኩ።

ከከባድ መኪና ሾፌሮች ጋር ወለሉ ላይ ተጋደምኩ። ጎህ ሲቀድ ደሴቶቹ ከጭጋጉ ውስጥ እንደተኙ ከብቶች ጀርባቸውን ብቻ አሳዩን። እኔ ለጥቂት ጊዜ ወዴትና ለምን እንደምሄድ ረሳሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀልሎኝ አያውቅም።

ስፕሊት ስንወርድ ኢብሮ የሚባል ቦስኒያዊ ሾፌር እስከ ሳራዬቮ ጫነኝ።

«እህት ዓለም፣ ሻንጣሽ ላይ የሰካሽው ምንድን ነው? ዓሣ ልታጠምጂ ነው?»

«የድንኳን ዘንግ ነው።»

«ድንኳኑስ?»

«ከሰው ጋር ሄደ።»

መሪውን እየደበደበ ሳቀ። «ሚስት ከሰው ጋር ስትሄድ አይቻለሁ፣ ድንኳን ሲሄድ ግን ገና ዛሬ መስማቴ ነው!»

ሲያወርደኝ አልሳቀም። ቡሬክ የሚሉትን ሥጋ የተሞላ ትኩስ ቂጣ ገዝቶ በወረቀቱ እንደተጠቀለለ ሰጠኝ። «ሰውየውን ስታገኚው በባዶ ሆድሽ አታናግሪው። የራበው ይለምናል፣ የጠገበ ይጠይቃል።»

ትናንት ከሳራዬቮ በአውቶቡስ መጥቼ ከነሻንጣዬ ደጃችሁ ስቆም በሩን የከፈትከው አንተ ነህ። የተቀቀለውን ስንዴ አቀረብክልኝ፤ እንደ ወጉ አማተብኩና በማንኪያ ቀመስኩ። እናትህ የበግ ጥብሱን ተሸክመው እንደ ኮረዳ ፈጥነው ገቡ።

«እትዬ ስፖሜንካ፣ ተሻለዎት?» አልኳቸው። ሥራውን እንደወሰድክ አውቅ ነበር፤ ሕመማቸውን ግን እስከዚያች ደቂቃ አምኜህ ነበር።

«ከምኑ ልጄ?»

«ታመው አልነበር?»

«እኔ? ጉንፋንም አልያዘኝ!»

«እሷን በሽታ ራሱ ይፈራታል!» አሉ አጎትህ ሚሎራድ፣ ሰውም ሳቀ። ቀጥለው ብርጭቋቸውን አነሱ። «ለሙዚየማችን ሰው!»

አንተ ለኔ ወይን ትቀዳ ነበር። ብርጭቆው ሞልቶ ነጩ ጨርቅ ላይ ፈሰሰ፣ አንተ መቅዳትህን አላቆምክም። ያን ጊዜ ነው ቀና ብለህ ያየኸኝ።

መናገር እችል ነበር። ዝም ያልኩት ራርቼልህ አይደለም። የዝክሩ ሻማ እየነደደ፣ ሰው ማዕድ ላይ ሳለ ብናገር ተበዳዩ አንተ ትመስል ነበር። ነገ የሚወራው የኔ ጩኸት ነው፤ ያንተን የስልክ ነገር ማን ያነሣዋል?

እናትህ እስከ አጥሩ ሸኙኝ።

«ቀኑን ሙሉ ቆሞ አስተናገደሽ፣ አንድ ጊዜ እንኳ እግዜር ይስጥልኝ አላልሽውም» አሉኝ። «አውቅሻለሁ፤ ያለ ነገር ባለጌ አትሆኚም። ምን አድርጎሽ ነው?»

«እሱ ይንገርዎት።»

«ባይነግረኝስ?»

«ከሰው ይሰሙታል።»

የሻንጣዬን ማንገቻ አስተካከሉልኝ። «የልጄን ነገር ከሰው መስማት አልወድም» ብለው ተመለሱ። ይህ ደብዳቤ ሳይደርስህ ጠይቀውህ ይሆናል።

ሬልያ፣ ፍርሃትህ ይገባኛል። ከከተማችን የተማረ ሰው ሁሉ በአውቶቡስ እየተጫነ ሲሄድ አብረን አይተናል። እኔም ያንን ወንበር ስመኘው እንቅልፍ አጥቼ አውቃለሁ። «ሕልምሽን አታቋርጪ» ያልከኝ ግን አይገባኝም። ዝም ብለህ ብትሄድ ምን ነበረበት? እኔ በቦሎኛ ዝናብ መካከል ላንተ ሳወራ አንተ በኔ ቦታ ተቀምጠሃል። እወድህ ነበር። ይህን የምነግርህ ላባብልህ አይደለም፤ የወሰድከው ሥራ ብቻ እንዳይመስልህ ነው።

ዛሬ ጠዋት ለዳይሬክተሯ ደወልኩ። ሰኞ ሦስት ሰዓት ቀጠረችኝ። «ብቻሽን ነሽ የምትመጪው?» ብትለኝ፣ «ሁለት ወንበር ይዘጋጅልን» አልኳት። በስልክ ያልከውን ሳትጨምር ሳትቀንስ በፊቷ ትናገራለህ። ከቀረህ፣ ባዶው ወንበር አጠገቤ ሆኖ እኔ እናገራለሁ።

እስከ ሰኞ ደህና ሁን። ከሰኞ በኋላ ላለው ምኞት የለኝም።

ኮሳራ