ሁልጊዜ «ይቆይ» የሚሉት ሰው አንድ ጊዜ «ይሰረዝ» አሉ

ታናሽ ወንድሜ ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1950 ዓ.ም. ተወለዱ። የቢሮ ወረቀታቸው 1952 ይላል፤ ወረቀቱ ተሳስቷል፤ እኔ እዚያው ነበርኩ። ቤት ውስጥ «አንተ» እያልኩ ያሳደግኳቸውን ሰው ዛሬ አንቱ የምለው ወጉ ስለሆነ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እየተናገርኩ የምትጽፈው ልጃቸው ናት።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በ1969 ዓ.ም. አጠናቀው፣ በዚያው ዓመት በነዋሪዎች ምዝገባ ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። አሮጌ ወረቀት የሚያስወግደው ኮሚቴ በመጣ ቁጥር እያንዳንዱን ፋይል እያነሱ «ይቆይ» ስለሚሉ፣ ባልደረቦቻቸው «አቶ ይቆይ» የሚል ስም አወጡላቸው። በዚያን ጊዜ ፋይል ማየት የፈለገ ሁሉ በእሳቸው መስኮት ማለፍ ነበረበት። ማን የማንን ፋይል እንዳየ በጭንቅላታቸው ይዘው ይዞሩ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ከአዋላጅ ነርስ ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ ፈጽመው አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች ልጆች አፍርተዋል። ባለቤታቸው ታጋሽ ሴት ናቸው፤ ባይሆኑ ኖሮ ቤቱ በአሮጌ ደረሰኝ ሞልቶ በሩም አይከፈት ነበር።

በ1998 ዓ.ም. መዝገቡ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ገባ። ኮምፒውተሩ የራሱ አመል ነበረው፤ ፋይሉን ማን እንደከፈተ፣ ማን እንደለወጠ፣ ማን እንደሰረዘ ሳይጠየቅ ይጽፋል። ባለሙያዎቹ «ዱካ» ይሉታል። ዱካው በዝቶ ማሽኑ ሲንቀራፈፍ፣ የትኛው እንደሚቀመጥና የትኛው እንደሚጠፋ የመወሰኑ ሥልጣን ለወንድሜ ተሰጣቸው። የለወጠና የሰረዘ ሰው ዱካ ለዘለቄታው ይቆይ አሉ። ከፍቶ ብቻ ያየ ሰው ዱካ ግን በየሦስት ወሩ ይሰረዝ አሉ። ለእኔም ቤት መጥተው «ማየት ምን ያጎድላል?» ብለውኛል። ሁሉ ሰው የሚያልፍበት ያ መስኮታቸው አሁን እንደሌለ ረስተውት ነበር።

በ2000 ዓ.ም. ከባሏ ሸሽታ አድራሻዋን የቀየረች አንዲት ሴት በአዲሱ ቤቷ ደጃፍ ተገደለች። ባልየው ታሰረ፤ ቤቷን ማን እንዳሳየው ግን ትንፍሽ አላለም። የሟቿ እናት ቢሮው ድረስ መጥተው «ልጄ የገባችበትን የነገረችው ለእናንተ ብቻ ነው። ማን አየባት?» አሏቸው። ወንድሜ ኮምፒውተሩን ከፈቱ። አዲሱ አድራሻ ከተመዘገበ ወዲህ ፋይሉን የለወጠ የለም። የሰረዘ የለም። ያየው ሰው ዱካ ደግሞ በራሳቸው ትእዛዝ ጠፍቷል።

በማግስቱ ትእዛዙን ቀየሩ፤ ከዚያ ወዲህ የከፈተ ሁሉ ዱካው ይቆያል። የጠፋው ግን አልተመለሰም። ያን መዝገብ መክፈት የሚችሉት የዚያው ቢሮ ሰዎች ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ወንድሜ በ2012 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ፣ ጠዋት ጠዋት ሰላም የሚሏቸውን ሰዎች ጣት ሲያዩ ኖሩ። ከእነሱ ጋር ሻይ መጠጣት ተዉ። ቤታቸውም ውስጥ ከኋላቸው ሰው የቆመ እየመሰላቸው፣ ወሬ ጀምረው ዞር ይሉ ነበር።

እዚህ ላይ ልጃቸው እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «አክስቴ፣ ይሄስ ይቅር፤ ለቀስተኛ ፊት ይነበባል እኮ» አለችኝ።

«አባትሽ አንዴ ‹ይቅር› ብሎ የሆነውን አይተናል። ጻፊ» አልኳት።

ወንድሜ በኩላሊት ሕመም ሲሰቃዩ ቆዩ። መጨረሻ ላይ ሐኪሙም ሲገባ፣ ነርሷም ስትገባ «ማን አየባት?» ይሉ ነበር። ሐኪሙ ትኩሳቱ ነው አለን። ትኩሳት አልነበረም። ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና እኔ ቀርተናል። የሟቿ እናትም ከእኛ ጋር ከፊት ተቀምጠዋል፤ የጠራኋቸው እኔ ነኝ። የዚያን ጊዜ የቢሮ ባልደረቦቻቸው ከሞላ ጎደል ሁላችሁም መጥታችኋል፤ እግዜር ይስጥልን። ያን ፋይል የከፈተው ሰው ከመካከላችሁ ሳይሆን አይቀርም። ወንድሜ ማን መሆንህን ሳያውቁ ሄዱ፤ እኔም አላውቅህም። አንተ ግን ራስህን ታውቃለህ፤ እኚህ እናትም እዚሁ አሉ፤ መንገዱ ሩቅ አይደለም።

አምላክ ለወንድሜ ነፍስ ዕረፍት ይስጥልን። ለአንተ ግን፣ ለእኚህ እናት እስክትናገር ድረስ፣ አይስጥህ።