ለገመድ አልባው ካርድ የሚሆን ቦታ

አሰላ፣ እሑድ፣ ጥር 17

የእህቴ ልጅ ሰናይት ለማስተማር አቦምሳ ከሄደችም በኋላ እራት የምንበላው አብረን ነው። እኔ ጋ ድምፅ የሚያስተላልፍ አንድ ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ አለ፣ እሷ ጋ አንድ፤ ሁለቱንም የሠራኋቸው እኔ ነኝ። ስልክ ወሬ ሲያልቅ ይዘጋል። ይሄ ግን ዝም ብንልም ክፍት ነው፤ ሳህኗ ሲንኳኳ ይሰማኛል።

ሰሞኑን የእኔን ቦርድ ከእሷው የሚያገናኘው ገመድ አልባ ካርድ አልነሳ አለ። «ሚሞሪ መመደብ አልተቻለም» ይላል። እሷን ላስደነግጥበት የአህያና የጅብ ድምፅ ጭኜበታለሁ፤ ቢሆንም ባዶ ሚሞሪ ተርፏል። ታዲያ ምን ጎደለው?

ዛሬ ጎረቤት ሰርግ ላይ ገባኝ። ከሁሩታ የመጡ ሽማግሌዎች ጎረምሶች ቀድመው ተበታትነው በተቀመጡበት ዳስ ውስጥ እዚህም እዚያም ክፍት ቦታ እያለ ቆመው ቀሩ። «አንድ ላይ ካልሆነ አንቀመጥም» አሉ።

አስተናጋጁን «አንተ፣ ሽማግሌ ከጎረምሳ በኋላ ይገባል?» ብዬ ተረብኩት።

ካርዱም እንደ እነሱ ሚሞሪው ላይ የተያያዘ ቦታ ነው የሚፈልገው። ቤት ገብቼ ቦርዱ ሲነሳ ከአህያውና ከጅቡ በፊት ካርዱ እንዲቀመጥ አደረግሁ። ሠራ!

ከሰርግ ጠግቤ ብመጣም እራት አቀረብኩ። መስመሩ ሲከፈት ሰናይት ለሆነ ሰው «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ትላለች። ወንድ ሳቀ።

«ጋሼ? መጡ እንዴ?» አለች ደንግጣ።

ጣቴ አህያውን የሚያስጮኸው ቁልፍ ላይ ነበር። ሳልጫነው ጣቴን አነሳሁ።

«መጣሁ። ብሉ፣ ሁለታችሁም ብሉ።»

ከዚያ ወዲያ ሦስታችንም በላን። ነገ መስመሩን እኔው ልክፈተው ወይስ እስክትጠራኝ ልጠብቅ፣ እንጃ…